አዲስ ልብ ወለድ ይዞ ከደራሲ ጋር በሬዲዮ መጫወት፦ ድምፁ ያስተጋባል፣ ጨዋታው ይደርቃል፣ ንባቡ ይደናቀፋል

ቱሉ ዲምቱ ንባብ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር አራት አንባቢዎች ነን። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዲስ ልብ ወለድ ይዘን ከደራሲው ጋር የምንጫወትበት የ30 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት እያሰናዳን ነው። ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ተከታታይ ድራማ፣ የዘፈን ግጥም፣ ወጣቱ በቴሌግራም የሚቀባበለው ትረካም ይነሳል። የአየር ሰዓት የምንገዛው ከኤፍ ኤም ጣቢያ ሲሆን፣ የሙከራ ቅጂያችንን ሰምተው ሦስት ነገር አስተካክሉ ብለዋል። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል፤ ደራሲው ንግግር ያደርጋል እንጂ አይጫወትም፤ ከመጽሐፉ የሚነበበው ክፍል ይደናቀፋል።

ክፍላችን 3 በ4 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት። ዕቃችን ሁለት ስልክ፣ ሁለት ደረት ላይ የሚሰካ ማይክና አንድ ላፕቶፕ ነው። ማይኮቹ ተሰክተውም ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ልንሸፍነው አስበናል። ከየት እንጀምር? በዝርዝር ለምትመልሱልን ከወዲሁ እናመሰግናለን።

---

ጥያቄ ቀማሪ

ከመካከለኛው ልጀምር፤ ድምፅ በብርድ ልብስም ቢሆን ይሻሻላል፣ የደረቀ ጨዋታን ግን በኤዲቲንግ ነፍስ መዝራት አይቻልም።

ደራሲው ንግግር የሚያደርገው ጥያቄው ንግግር ስለሚጋብዝ ነው። «ለመጻፍ ምን አነሳሳህ?»፣ «እስኪ የሕይወት ታሪክህን አጫውተን»፣ «ለወጣቶች ያለህ መልዕክት?» የሚሉትን በመጽሐፉ ምረቃ ቀንም፣ በጋዜጣም፣ በቴሌቪዥንም ተጠይቋል። መልሱን በቃሉ ይዞታል። በቃል የተያዘ መልስ ደግሞ ያስታውቃል፤ ፍጥነቱ አይለዋወጥም፣ ለማሰብ የሚቆምበት ቦታ የለውም፣ አድማጩም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

መፍትሔው ገጽ ይዞ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ገጽ 62 ላይ እናትየው ደብዳቤውን ታነባለች። እኛ ግን ደብዳቤው ምን እንደሚል የምናውቀው ገጽ 140 ስንደርስ ነው። መጀመሪያ ስትጽፈው እንዲህ ነበር? ወይስ በኋላ ነው ወስደህ የደበቅኸው?» ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለውም። ቆም ይላል፣ ያስታውሳል፣ አንዳንዴም የሰረዘውን ምዕራፍ ያወጣላችኋል። አድማጭ ጆሮውን የሚሰጠው ለዚያች ቆምታ ነው።

ይህን ለመጠየቅ መጽሐፉ ሁለት ጊዜ መነበብ አለበት። የመጀመሪያው ንባብ ያለ እርሳስ ነው፤ የት ላይ እንደሰለቻችሁና የት ላይ እንቅልፍ እንደነሳችሁ ብቻ አስታውሱ። ሁለተኛው በእርሳስ። ሦስት ምልክት ይበቃል፦ የትረካ አንጻሩ የተለወጠበት (ከ«እኔ» ወደ «እሱ»፣ ወይም የማን ዓይን እንደሚያይ ድንገት ሲቀየር)፣ ጊዜው የዘለለበት ወይም ምልሰት የገባበት፣ እና ቋንቋው የተለየበት። ሦስተኛው ምልክት አዲሶቹ መጻሕፍት ላይ እጅግ ሀብታም ነው። የጎጃም ወይም የወሎ አነጋገር፣ የአራዳ ቃል፣ እንደ ቴሌግራም መልዕክት የተጻፈ ምልልስ ስታገኙ አስምሩበት፤ ከዘፈኑና ከድራማው ጋር የሚያገናኛችሁ ድልድይ እዚያ ነው። ከአንድ 300 ገጽ መጽሐፍ 25 ያህል ምልክት ካወጣችሁ፣ ከዚያ 8 ጥያቄ ይቀመራል።

ስምንቱም አየር ላይ አይደርሱም። ሂሳቡን እንሥራው፦ ከ30ው ደቂቃ ማስታወቂያ፣ መግቢያና መሰናበቻ 5 ያህል ይወስዳሉ። ሁለት ንባብ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆኑ 3 ደቂቃ። የቀረው 22 ነው። አንድ ጥያቄ ከነመልሱና ከነተከታዩ 4 ደቂቃ ይበላል። ስለዚህ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት።

ሌሎች የሚያደርቁ ነገሮችም አሉ። ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ከጠየቃችሁ ደራሲው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፣ ከባዱ ይጠፋል። ደራሲውን ለአምስት ደቂቃ አታስተዋውቁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ዝግጅቱን በንባብ ክፈቱት፣ ስሙን ከዚያ ጥሩ። የሬዲዮ አድማጭ መሃል ላይ ስለሚገባ የደራሲውና የመጽሐፉ ስም በየ6 እና 7 ደቂቃው ይደገም።

ከሁሉም የሚረሳው አጠራር ነው። «አንተ» ነው «እርስዎ»? ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ከእንግዳው ጋር ተስማሙና እስከ መጨረሻው በዚያው ዝለቁ። አንዱ አቅራቢ «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲል ሌላው «አንተ» ካለ አድማጩ ጨዋታውን ትቶ ማን ማንን ናቀ የሚለውን ይከታተላል። ኤዲቲንግ ላይም ጣጣ አለው፤ ግሱ ራሱ ስለሚለወጥ («ጻፍክ»፣ «ጻፉ») አንዱን ጥያቄ ከሌላው ጋር ማጋጠም አይቻልም።

---

የማይክ ሰው

የእንቁላል ካርቶኑን ተዉት። ስስና ቀላል ስለሆነ ከፍ ያለውን ድምፅ በጥቂቱ ይበትናል እንጂ የወንድ ድምፅ የሚያስተጋባበትን መካከለኛና ዝቅተኛ ክፍል አይነካውም። የውጭ ድምፅም አያግድም። ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው፣ ማስተጋባትን የሚውጠው ደግሞ ወፍራምና አየር የሚያስገባ ጨርቅ። ብርድ ልብስ፣ ጋቢ በሁለት እጥፍ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላበት ክፍት ቁም ሣጥን፤ እነዚህ ቤት ውስጥ አሉ።

አቀማመጡ ግን ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ብርድ ልብሱን ከማይኩ ኋላ ይሰቅለዋል። የእጅና የጠረጴዛ ማይኮች አብዛኞቹ ከፊታቸው ያለውን ነው የሚሰሙት፤ ከፊታቸው ያለው ደግሞ የተናጋሪው ፊትና ከተናጋሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሸፈነው ከተናጋሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ቀጥሎ ወለሉ፤ ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ አንጥፉ። ቀጥሎ ጠረጴዛው፤ በወፍራም ፎጣ ይሸፈን፣ መስታወት ያለው ጠረጴዛ ይውጣ። ብርድ ልብሱን ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ በገመድ ብትሰቅሉት ከተጣበቀው ይልቅ ይውጣል። መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ «ጭው» የሚል ጭራ ከተከተለ ገና ነው፣ ደረቅ «ጧ» ብቻ ከሆነ ጀምሩ። ሁለቱ ሰዎች በክፍሉ ትክክለኛ መሃል አይቀመጡ፤ ወደ አንዱ ጥግ ሰያፍ ብለው ይቀመጡ።

ማይኮቹ ተሰክተው ድምፁ ከሩቅ የሚመጣው፣ ስልኩ ማይኩን ስላላወቀው ይሆናል። የመሰኪያውን ጫፍ ተመልከቱ፦ ለስልክ የተሠራው 3 ጥቁር ቀለበት አለው፣ ለካሜራ የተሠራው 2። ባለ 2 ቀለበቱ ስልክ ላይ ሲሰካ ስልኩ በራሱ ማይክ መቅረጹን ይቀጥላል፣ ማንም አያውቅም። መቅዳት ከጀመራችሁ በኋላ የደረቱን ማይክ በጥፍር ጫር አድርጉና መልሳችሁ ስሙት፤ ጭረቱ ጎልቶ ካልተሰማ ማይኩ አይሠራም። መለወጫ መሰኪያ ገዝቶ መጨመር ይበቃል።

ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይሰካ። ነጠላ፣ የአንገት ሐብልና ሻሽ ከነኩት ይንሿሿል፤ እንግዳዋን በትህትና ጠይቃችሁ አስተካክሉ። ሁለቱም ስልኮች ከኔትወርክ ይጥፉ፤ አለበለዚያ ያ «ድድድ ድድድ» የሚለው የኔትወርክ ድምፅ ቅጂው ውስጥ ይገባል፣ ሲደወልም ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

በሁለት ስልክ ስትቀርጹ ሁለቱም ከጀመሩ በኋላ አንዴ አጨብጭቡ፣ ስትጨርሱም እንደገና። በኤዲቲንግ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ታጋጥማላችሁ። የመጨረሻው ካልገጠመ የሁለቱ ስልኮች ሰዓት ተለያይቷል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ልዩነቱ ለጆሮ የሚታወቅ ማስተጋባት ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱን ቅጂ ሰዎቹ ዝም ባሉበት ሁለት ሦስት ቦታ ቆርጣችሁ ወደ ቦታው ሳቡት።

ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ሁለት ዳይናሚክ ማይክና ባለ ሁለት መግቢያ ትንሽ የድምፅ ካርድ ነው። ኮንደንሰር አትግዙ። ኮንደንሰር የጎረቤት ሙቀጫና የሩቅ ውሻ ሳይቀር ይሰማል፣ የሚሠራውም 48 ቮልት ሲሰጠው ነው። ዳይናሚኩ ቅርቡን ይይዛል፣ ሩቁን ይተዋል። በምትኩ ግን ከአፍ መራቅ የለበትም፤ ከአራት ጣት እስከ ግማሽ ስንዝር። ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሉት፣ «ጰ» እና «ፐ» እንዳይፈነዱበት። በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ከአፍ እስከ ማይክ ካለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ካነሰ የአንዱ ድምፅ ሌላው ማይክ ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይቦዝዛሉ።

የድምፁ ልክ በተራ ንግግር ኔጋቲቭ 12 ዲሲቤል አካባቢ ይድረስ፣ በሳቅ ጊዜ ኔጋቲቭ 6። ዜሮን የነካ ድምፅ ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ አይጠገንም። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በዋቭ (ድምፁን በማይጨምቅ የፋይል ዓይነት) ቅረጹ። አንድ ማይክ በደቂቃ 8.6 ሜጋ ባይት ይወስዳል፤ 50 ደቂቃ 430 ያህል። ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅላችሁ በባትሪ ቅረጹ፤ መሬት ያልተያያዘ ሶኬት የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይሰጣል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ ስለሆነ የከባድ መኪና ጉምጉምታ ይገባባችኋል። አብዛኛው ከሰው ድምፅ በታች ነው፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ ቁረጡት፣ ድምፃችሁ አይጎዳም። ሰዓት መምረጥ ግን ከማጣሪያ ይበልጣል። በሥራ ቀን ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ደረጃውም ሰፈሩም ጸጥ ይላል። እሁድ ጠዋትና ዓርብ ቀትር አትሞክሩት።

---

የገላን አንባቢ

ጥያቄ ቀማሪ የጻፉት ጥሩ ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። «መልዕክቱ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ መጣል ልክ አይመስለኝም። አድማጫችን ልብ ወለድን የሚያነበው ከቁም ነገሩ ጋር ነው። ይህን የንባብ ባህል አየር ላይ እንደሌለ ማድረግ አድማጩን ማራቅ ነው። የሚያስፈልገው ጭብጡን ከገጸ ባሕርይ ምርጫ ጋር አያይዞ መጠየቅ ነው፦ «ልጁ መሬቱን ሸጦ ከተማ ገባ፤ እህቱ እምቢ ብላ ቀረች። መጨረሻ ላይ የተቀጣው እሱ ነው። ለእሷ አድልተሃል?» ደራሲው መልዕክቱን ይናገራል፣ ግን ሰበካ ሳይሆን ክርክር ሆኖ።

ሌላ የምጨምረው፦ አራት ሰዎች ናችሁ፣ ይህ ሀብት ነው። በቢቢሲ ሬዲዮ 4 በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ቡክክለብ» መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ደራሲውን ራሳቸው የሚጠይቁበት ዝግጅት ነው። እናንተም አንዱ ይምራ፣ አንዱ ደራሲው አጠገብ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ አንባቢ አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይግቡ። አራቱም እንደፈለጉ ከተናገሩ ግን በሬዲዮ ማን እንደሚናገር አይለይም፤ በተለይ የሁለት ወንዶች ድምፅ ከተመሳሰለ።

---

ጥያቄ ቀማሪ

የገላን አንባቢ፣ ተቀብያለሁ። «ለእሷ አድልተሃል?» ከእኔ ምሳሌ ይሻላል፤ በአጭሩ «አዎ» ወይም «የለም» ብሎ ማምለጥ አይቻልም፣ ምክንያቱን ይጠይቃል። አጠቃላዩ «መልዕክትህ ምንድን ነው?» ግን አሁንም ይቅር እላለሁ።

ከውጭ ስለተነሳ አንድ ልጨምር። በካሊፎርኒያው ኬሲአርደብልዩ ጣቢያ «ቡክዎርም» የሚባለውን ዝግጅት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ያቀረበው ማይክል ሲልቨርብላት፣ አዲሱን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የእንግዳውን የቀድሞ ሥራዎች ጭምር አንብቦ በመቅረብ ይታወቅ ነበር። እኛ አገር ሁሉንም ማግኘት ያስቸግራል፤ የቀድሞዎቹ እትሞች ያልቃሉ። ቢያንስ አንድ የቀድሞ ሥራ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ወይም ወመዘክር ፈልጉ። «በፊተኛው መጽሐፍህ ሴቶቹ አይናገሩም ነበር፤ በዚህኛው ተራኪዋ ሴት ናት» የሚል ጥያቄ የሚወለደው ከዚያ ነው።

---

ጠብቆና ላልቶ

ስለ ንባቡ። መደናቀፉ የድፍረት ማነስ ሳይሆን የፊደላችን ጠባይ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፤ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የቱ እንደሆነ መወሰን አለበት። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ትልቁ ጉዳይ ነው። «ገና» ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ሽፍታ» ጫካ የገባ ሰው ነው፤ «ፍ»ን አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ቆዳ ላይ የወጣ ነገር ይሆናል። «ይመታል» ደግሞ ሲላላ መቺ፣ ሲጠብቅ ተመቺ ነው፤ አንድ ጥብቀት ስትሳሳቱ ገጸ ባሕርዩን ከደብዳቢ ወደ ተደብዳቢ ትለውጡታላችሁ። በዓይን የሚያነብ ሰው ሳያስተውል ያርመዋል። ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ግን ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሚያውቀው፣ ተመልሶ ያርማል፣ መደናቀፉም ይህ ነው።

ስለዚህ የሚነበበውን ክፍል ከመጽሐፉ አታንብቡት። በ16 ነጥብ ፊደል፣ መስመሩ ተራርቆ፣ በወረቀቱ በአንድ ገጽታ ብቻ ታትሞ ይውጣ። በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አኑሩ። ሁሉም ላይ አታድርጉ፤ አሻሚ የሆኑት ላይ ብቻ። ለትንፋሽ አንድ ሰያፍ መስመር፣ ለረጅም ማረፊያ ሁለት። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ትንፋሽ የሚያልቀው ልክ ዋናው ነገር ሲደርስ ነው። ከግሱ በፊት ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ፈልጋችሁ እዚያ ተንፍሱ። ወረቀቱን ስቴፕለር አትምቱበት፤ የተነበበውን ወደ ጎን ማንሸራተት እንጂ መገልበጥ አያስፈልግም፣ ማይክ የገጽ ግልበጣን እንደ ነፋስ ይሰማዋል።

የሰው ስምና የቦታ ስም ያለበትን ዝርዝር ለደራሲው አስቀድማችሁ አንብቡለት። የራሱን ገጸ ባሕርይ ስም በተሳሳተ ጥብቀት ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፣ ጨዋታውም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ማን ያንብብ? ደራሲ ሁሉ ጥሩ አንባቢ አይደለም። ግማሽ ደቂቃ አስነብባችሁ ስሙት። ትረካው በ«እኔ» ከሆነ የደራሲው ድምፅ፣ ቢንቀጠቀጥም፣ የራሱ ውበት አለው። በ«እሱ» ከሆነና ምልልስ ከበዛበት አቅራቢው ያንብብ። ድምፅ እየቀያየሩ መተወን ግን አይመከርም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ድምፅ የሰጠው ሙሉ መጽሐፍ ይዞ፣ አድማጩ እያንዳንዱን ሰው እስኪለምድ ጊዜ ስለነበረው ነው። በ90 ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ድምፅ ካወጣችሁ አድማጩ ታሪኩን ሳይሆን የእናንተን ችሎታ ነው የሚሰማው። በልከኛ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ። አንድ ተኩል ደቂቃ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በሰዓት ለኩት።

---

ቱሉ ዲምቱ ንባብ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። የመሰኪያውን ነገር አየነው፤ ሁለቱም ማይኮች ባለ 2 ቀለበት ናቸው።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመጽሐፉ ለማንበብ ፈቃድ ያስፈልጋል? ሁለተኛ፣ ኤዲቲንግ ላይ የደራሲውን መልስ ስንቆርጥ ሁልጊዜ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ውጭ አገር ያለ ደራሲ ስናገኝ በስልክ የሚመጣው ድምፅ በጣም ቀጭን ነው።

---

መብት አዋቂ

ለመጀመሪያው። የሚገዛው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ለሂስና ለውይይት የሚሆን አጭር ጥቅስ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው ሳያልፍ፣ የደራሲውና የሥራው ስም ተጠቅሶ ማንበብ ይቻላል። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ወይም በየሳምንቱ እየተቀጠለ የሚተረክ ከሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ደራሲው እንግዳችሁ ስለሆነ ብቻ ፈቃድ ተሰጠ አይባልም። መብቱን ለአሳታሚ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል፤ «መብቱ ያለው ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በአንድ ገጽ አስፈርሙ። ወረቀቱ ላይ የመጽሐፉ ስምና እትም፣ የሚነበቡት ገጾች፣ በሬዲዮ ብቻ ይሁን ወይስ በዩቲዩብና በቴሌግራምም፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ይግባ። ያረፈ ደራሲ ከሆነ የኢኮኖሚ መብቱ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹን ማነጋገር ነው።

ለመሸጋገሪያ ሙዚቃ ታዋቂ ዘፈን አትቁረጡ። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ የተቀረጸው ድምፅ የራሱ መብት አለው። አንድ የክራር ወይም የማሲንቆ ተጫዋች የራሱን ዜማ 5 ደቂቃ እንዲቀርጽላችሁ ክፈሉትና አስፈርሙት። በቴሌግራም ከሚዞር ፒዲኤፍ አትሥሩ። የደራሲውን እንጀራ መንካት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ገጽ ይጎድለዋል፣ የገጽ ቁጥሩም ከታተመው ጋር ስለማይገጥም ያ «ገጽ 62» ያላችሁት ጥያቄ ደራሲው እጅ ላይ ባለው መጽሐፍ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሁለተኛ እትም ላይም እንዲሁ ነው፤ እትሙን አስቀድማችሁ አስተያዩ።

---

የማይክ ሰው

ለሁለተኛው። ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ መቁረጫው ግሱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መሃል ላይ ቢቆረጥ ሐሳቡ በከፊል ይደርሳል። አማርኛ ግን «...ስለነበረ፣ ...ሲሆን፣ ...ብዬና» እያለ ከቀጠለ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁረጫ አይገኝም። በ«ና» ላይ ከቆረጣችሁ ድምፁ ወደ ላይ ስለሚወጣ አድማጩ ቀጣዩን ይጠብቃል፣ የተንጠለጠለ ያላችሁትም ይህ ነው። ስለዚህ ሥራው ቀረጻ ላይ ያልቃል። ማስታወሻ የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር፣ ደራሲው ግስ ላይ ዘግቶ ድምፁን ወደ ታች ያወረደበትን ደቂቃ ይጻፍ። መልሱ ረዝሞ መቁረጫ ካጣ፣ ትንሽ ቆይታችሁ «ቅድም ስለ ደብዳቤው ያሉትን እስኪ በአጭሩ ይድገሙልኝ» በሉ። ሁለተኛው ንግግር ሁልጊዜ ያጥራል።

አቅራቢዎቹም «እሺ... እሺ... ልክ ነው» ማለት ያቁሙ። ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚባለው «አዎ» ደግሞ ማይክ ላይ የመደንገጥ ያህል ይሰማል፤ የደራሲው ግስ ላይ ከወደቀ መቁረጫችሁን ያበላሻል። ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ዝምታን ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ከጥያቄው በኋላ አንድ ሴኮንድ ተዉ። «እ...» የሚሉትን ሁሉ ማውጣት ሰውየውን ማሽን ያደርገዋል፤ ሦስት ከተከታተሉ ሁለቱን አውጡ። ሁሉም ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ 30 ሴኮንድ ዝም ብላችሁ ቅረጹ፤ የቆረጣችሁበትን ቦታ የምትሞሉት በዚያ ዝምታ ነው። ባዶ ብትተዉት ሬዲዮው የተቋረጠ ይመስላል። ለዚህ ሁሉ በነጻ የሚገኘው የድምፅ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ኦዳሲቲ ይበቃል። ሲያልቅ በኢንተርኔት የምትለቁትን ኔጋቲቭ 16 ሉፍስ (የአጠቃላይ ድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ላይ አድርጉት። ለጣቢያው የሚሰጠውን ግን ልኩንም፣ የፋይሉን ዓይነትም፣ ትክክለኛ ርዝመቱንም ቴክኒሻኑን ጠይቁ።

ለሦስተኛው። መደበኛ የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል፤ ቅጥነቱ ከዚያ ነው፣ በኤዲቲንግ አይመለስም። ደራሲው እያነጋገራችሁት ባለበት ጊዜ በሌላ ስልክ ድምፁን ራሱ ጋ ይቅረጽ። በጆሮ ማዳመጫ ይስማችሁ፣ የእናንተ ድምፅ ወደ ማይኩ እንዳይገባ። መጨረሻ ላይ ቅጂውን በቴሌግራም ይላክ፣ ግን እንደ ፋይል አያይዞ። እንደ ድምፅ መልዕክት ከላከው ቴሌግራም ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይሄዳል። እናንተ ጋ በጥሪው የተቀረጸውን እንደ መለኪያ ተጠቀሙና የእሱን ቅጂ በላዩ ላይ ግጠሙት።

---

ቱሉ ዲምቱ ንባብ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ የመጀመሪያው እንግዳችን የሚመጡት ሐምሌ ላይ ነው። እኛ ያለንበት የመጨረሻው ፎቅ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲጥል እርስ በርስ እንኳ አንሰማማም። እንግዳው በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ቀጠሮ ማዘዋወር ይከብደናል።

---

የማይክ ሰው

የቆርቆሮ ዝናብ በማጣሪያ አይወጣም፤ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ስትጠቀሙ ድምፃቸውን ውኃ ውስጥ ያስገባዋል። የክረምት ዝናብ እኛ ጋ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቀጣጠሩ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ከታች ፎቅ የሚኖር ጎረቤት ካላችሁ ክፍሉን ለዚያ ጠዋት ለምኑ። በላያችሁ ኮንክሪት ስላለ ዝናቡ በጣም ይቀንሳል፣ እንግዳውም ደረጃ አይወጡም። ብርድ ልብሶቹን ማታ አውርዳችሁ ስቀሉ፣ ጭብጨባውንም ማታውኑ ሞክሩ፤ እሳቸው ከደረሱ በኋላ ዕቃ መጎተት ያደክማቸዋል።

ደግሞ ንባቦቹን መጀመሪያ ቅረጹ። ዝናብ ቢቀድማችሁ ጨዋታው ሌላ ቀን በስልክ ሊሟላ ይችላል፣ የሳቸው ንባብ ግን አይሟላም።

---

ጠብቆና ላልቶ

እንግዳው በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ወረቀቱን በ16 ሳይሆን በ22 ነጥብ አትሙላቸው። መነጽራቸውን ይዘው እንዲመጡም በዋዜማው ደውላችሁ አስታውሷቸው።